ምሳሌው ጉልት ላይ ተቀምጧል

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከገርጂ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአንድ አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በየሳምንቱ ስለ ማርኬቲንግ አንድ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። አንባቢዎቼ ባለሱቆች፣ ባለካፌዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጡ ልጆች ናቸው። ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። አሁን ምሳሌ አለቀብኝ። ናይኪን፣ አፕልን፣ ኖኪያን፣ ኮካ ኮላን ሁለት ሁለት ጊዜ ጽፌያቸዋለሁ። ከአገር ውስጥ የጫማ ድርጅቱን ሶል ሬብልስን ሦስት ጊዜ አንስቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባለካፌ ‹ይሄንንማ ኮሌጅ ተምረነዋል› ብላ ጻፈችልኝ። አፈርኩ። ለአለቃዬ ስነግረው ‹ካጣሽ አንድ ባለሱቅ ፍጠሪና ጻፊ፤ ማን ያጣራል?› አለኝ። ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አመሻለሁ። የማገኘው ያንኑ ነው። ሰው አዲስ ምሳሌ ከየት ነው የሚያመጣው? ምሳሌ ያጠረኝ ነኝ።»

እህቴ፣

ከአለቃሽ ምክር ልጀምር። አትፍጠሪ።

አንባቢሽ ነጋዴ ነው። የጻፍሽውን አምኖ ነገ ጠዋት ሱቁ ላይ ይሞክረዋል። ዕቃ ያመጣል፣ ዋጋ ይቀንሳል፣ ባነር ያሠራል። ከኪሱ ብር ያወጣል ማለት ነው። የሌለች ሴት ያላደረገችውን ነገር «ሠርቶላታል» ብለሽ ከነገርሽው የሚከስረው እሱ ነው። ነገሩን ለማስረዳት የግድ የታሰበ ሰው ካስፈለገሽ «እንበል አንዲት ባለሱቅ አለች» ብለሽ ጀምሪ። አንባቢው ያኔ ምን እያነበበ እንደሆነ ያውቃል። ቻትጂፒቲን «ከአዲስ አበባ አንድ ምሳሌ ስጠኝ» ብትይውም አደጋው ያው ነው። ስም ያለው፣ ሰፈር ያለው፣ በመቶኛ የተለካ ታሪክ ሊጽፍልሽ ይችላል። ሱቁን ልታይው ስትሄጂ ግን የለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ማታ ማታ የምትፈልጊበት ቦታ ላይ አዲስ ምሳሌ አይገኝም። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምሳሌ ቀድሞ ሰው የጻፈው ነው። አንቺ ስታገኚው ሌላውም አግኝቶታል። ኮካ ኮላን ተመልከቺ። ኩባንያው ጣዕሙን የቀየረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1985 ነው። ሰው ተቆጣ። በ79ኛው ቀን የድሮውን ጣዕም መለሰ። ግሩም ታሪክ ነው። ግን 40 ዓመት አልፎታል፣ በየማርኬቲንግ ክፍሉም ይነገራል። ከዕድሜው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሳሪስ ላይ ካፌ ያላት ሴት ይሄን አንብባ ሰኞ ጠዋት ምን ታደርግበታለች? የኮካ ኮላ በጀት የላትም። ጣዕም የሚቀምስላት ሁለት መቶ ሺህ ሰውም የላትም። ያላት ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ የቡና ማሽንና ከፍ ያለ ኪራይ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ዝጊና ሰፈርሽ ጉልት ድረስ ሂጂ። ከልቤ ነው የምልሽ።

ጉልት የምትቸረችረዋን ሴት እይ። ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድራለች። የመደቡ ዋጋ ድፍን ብር ነው። ዝርዝር የማያስቸግር፣ አንድ ኖት አውጥተሽ የምትሰጪው። አትክልት ተራ ላይ ቲማቲም ሲወደድ እሷ ዋጋውን ወዲያው አትነካም። ከመደቡ ላይ አንድ ፍሬ ታነሳለች። አምስት የነበረው አራት ይሆናል። ፋብሪካዎች ብስኩቱን ሲያሳንሱና የማሸጊያውን ዋጋ እንዳለ ሲተዉት የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ልዩነቱ የእሷ መደብ ክፍት መሆኑ ነው። ገዢዋ ፍሬውን ቆጥራ ታያለች። ማንም «ተታለልኩ» አይልም።

ቀጥሎ አደራደሯን እይ። ደህና ደህናው ፍሬ ከላይ ነው። ቃሪያው ከቲማቲሙ አጠገብ ነው። ሎሚው የት አለ? ለምን እዚያ ሆነ? ብዙ ሰው የሚገዛው ምን ከምን ጋር ነው? ይሄን ሱፐርማርኬት አጥንቶ ነው የሚያደርገው። እሷ ለዓመታት መንገድ ዳር ተቀምጣ ተምራዋለች።

ከሁሉም በላይ ግን ምራቂውን እይ። እኔ በዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። «ቀንሺልኝ» ስትያት «አያዋጣኝም» ትልሻለች። ፊቷ ይቋጠራል። «መርቂልኝ» ስትያት ግን እጇ ይዘረጋል። ሁለት ቃሪያ፣ አንድ ሎሚ ጣል ታደርግልሻለች። ከወጪ አንፃር ሁለቱም ያው ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ቅናሽ ዋጋዋን ይነካባታል። ዛሬ የቀነሰችውን ነገም መቀነስ አለባት፣ አጠገብሽ የቆመችውም ትጠይቃታለች። ምራቂ ዋጋውን አይነካም። ግዢው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ስጦታ ነው። አንቺም ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ፣ በሚቀጥለውም ወደ እሷ ትመለሻለሽ። በየሳምንቱ «20 በመቶ ቅናሽ» እያለ ባነር የሚሰቅለው አንባቢሽ ይሄን ቢያነብ ራሱን የሚጠይቅ ይመስለኛል። ምናልባት ዋጋውን ትቶ ምራቂ ቢሰጥ ይሻለዋል። ልብስ ሰፊው ከቀሚሱ ጋር ከዚያው ጨርቅ የፀጉር ማሰሪያ ቢመርቅስ? ቁራጩ እንደሆነ የሚጣል ነው።

ከአንድ ጉልት ሦስት ጽሑፍ ወጣ። ሁሉም አንባቢሽ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ግን እንደ ማርኬቲንግ ያየው ጥቂት ነው።

ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው። ሄደሽ «የማርኬቲንግ ስልትሽ ምንድን ነው?» ካልሻት «እኔ እቴ ምን አውቄ» ትልሻለች። ወይም ግብር ሰብሳቢ መስለሻት ትሸሽሻለች። እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ለባለሀብትም አይሠራም። እሱ ደግሞ ከብሮሹሩ ላይ ያነብልሻል። ስላደረጉት ነገር ጠይቂ። «ባለፈው ወር ምን ቀየርሽ?» «ይሄን ዕቃ ለምን ወደ ፊት አመጣኸው?» «ድሮ ይመጣ የነበረ፣ አሁን የቀረ ደንበኛ አለ?» «ሰው በቀን ደጋግሞ የሚጠይቅህ ጥያቄ ምንድን ነው?» እኔ በተለይ የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። ሽሮ ሜዳ አንዲት የሀበሻ ቀሚስ ሻጭን ይሄንኑ ጠየቅኳት። ሳቀችና ስልኳን አወጣች። ብዙ ገዢዎቿ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው። እዚህ ባለ ዘመድ ያስገዛሉ። በየቀኑ «ቁመቱ ስንት ነው? ወገቡስ?» እያሉ ይጽፉላታል። አንድ ቀን ሰልችቷት የልብስ ሰፊ ሜትር ቀሚሱ ላይ ዘርግታ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ወዲህ ፎቶዎቿ ሁሉ ሜትር አላቸው። ጥያቄው ቀረ። የበለጠ የገረመኝ ግን ቀጥሎ የነገረችኝ ነው። «ሜትሩን ሲያዩ ያምኑኛል» አለችኝ። ሌሎቹ ሻጮች የሚለጥፉት የሞዴል ፎቶ ነው፣ አንዳንዴም ከሌላ ሰው ቻናል የተወሰደ። ሜትር ያለበት ፎቶ ግን ልብሱ እጇ ላይ እንዳለ ያሳያል። ይሄን ታሪክ በየትኛውም የማርኬቲንግ መጽሐፍ ውስጥ አታገኚውም። አንባቢሽ ግን ዛሬ ማታ ሊሠራበት ይችላል። ሜትር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የቴሌግራም ሻጮችን ካነሳሁ አይቀር፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ነገር አጥኚልኝ። ሁሉም ይጽፈዋል። ለምን? አንዳንዱ ተፎካካሪ እንዳያይበት ነው፣ አንዳንዱ ሰውየውን አይቶ ዋጋ ሊጠራ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሌላው ስላደረገ ብቻ ነው። አምስት ሻጭ ጠይቂ። ከዚያ ዋጋውን በግልጽ የሚጽፉ አምስት ፈልጊና እነሱንም ጠይቂ። ራስሽ ደግሞ ገዢ ሆነሽ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ዕቃ ለመግዛት ሞክሪ። መልስ እስኪመጣልሽ ስንት ሰዓት ጠበቅሽ? ስንቴ ተውኩት አልሽ? ይሄ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ያውም ማንም ሊቀማሽ የማይችል፣ ምክንያቱም የጠበቅሽው አንቺ ነሽ።

ሁለተኛው የምሳሌ ጎተራ የቀን መቁጠሪያችን ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ስለ ገና ሽያጭ ደጋግመው ይጽፋሉ። እኛ ሁዳዴ አለን። 55 ቀን! ከዚያ ሌላ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ አለ፣ ከገና በፊት የነቢያት ጾም አለ። የአንድ አገር ግማሽ ያህሉ ገዢ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የሚያቆምበት ወቅት በየዓመቱ ቀኑ ታውቆ ይመጣል። ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፤ መታለቧ አይቀርም። ወተት አቅራቢው ያን ሁሉ ወተት የት ያደርሰዋል? ለማን ነው የሚደውለው? ሥጋ ቆራጩ ሁለት ወር ምን ይሠራል? ባለቤቱ ሠራተኛውን ያሰናብተዋል ወይስ ይዞት ይቆያል? ኬክ ቤቱ የጾም ኬክ የጀመረው መቼ ነው? ከፋሲካ በኋላስ የጾም ኬክ የሚገዛ አለ? አለ ካሉሽ ማን እንደሆነ ጠይቂ። ወተት የማይስማማው ሰው ሊሆን ይችላል። እንግዲያውስ ኬክ ቤቱ ሳያውቀው አዲስ ደንበኛ አግኝቷል ማለት ነው። ረመዳን ላይም እንደዚሁ። የማፍጠሪያው ሰዓት ሳይደርስ ሳምቡሳ የሚጠብሱትን ተመልከቺ። የቀኑ ሽያጭ በጣም አጭር ሰዓት ውስጥ ነው የሚያልቀው። ስንት እንደሚጠብሱ በምን ያውቃሉ? ጥር ላይ ሰርግ አለ፣ ጳጉሜ ላይ የደብተርና የዶሮ ግርግር አለ። ከአሁኑ ዓመቱን ሙሉ የምትጽፊውን ማቀድ ትችያለሽ።

ያረጁ ምሳሌዎችሽንም ጨርሰሽ አትጣያቸው። አንዳንዱ ያረጀ ምሳሌ ያልተገለጠ ጎን አለው። የራይድ ታክሲን ታሪክ ሁሉም ጽፎታል። መሥራቿ ሳምራዊት ፍቅሩ፣ ድርጅቷ ሃይብሪድ ዲዛይንስ፣ መተግበሪያው። ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ቴክኖሎጂው ነው። የጥሪ ቁጥሩን 8294ን ግን በስልክሽ ቁልፎች ላይ ካሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ጋር አያይዢው። 8 ላይ ቲ፣ 2 ላይ ኤ፣ 9 ላይ ኤክስ፣ 4 ላይ አይ። ታክሲ ይላል። ደግሞም ነገሩ ቁጥር መሆኑ ራሱ ጽሑፍ ይወጣዋል። ስማርት ስልክ የሌላት እናት፣ ዳታ ያለቀበት ሰው፣ ካርታ ላይ ቤቱን ማሳየት የማይችል ሰው ደውሎ «ከእንትን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ» ማለት ይችላል። አንባቢሽ በመተግበሪያ ብቻ፣ በኢንስታግራም ብቻ ለመሸጥ ሲያስብ ይሄን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

«የ13 ወር ፀጋ» የሚለውንም እንዲሁ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ቱሪዝማችንን የመሠረቱት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያመጡት መፈክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በ«ምድረ ቀደምት» ተተካ። ብዙ ሰው የሚጽፈው የትኛው ይሻላል ብሎ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጳጉሜ ለፈረንጅ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። «የእናንተ ዓመት ለምን 13 ወር ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅበት። እሳቸው ይሄንን ማስረዳት ያለባቸውን ነገር የሚሸጥ ነገር አደረጉት። አንባቢሽስ ለደንበኛ ሁልጊዜ የሚያስረዳው፣ እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ነገር ምንድን ነው? በእጅ ስለሚሠራ አንድ ሳምንት የሚፈጅ ጫማ? ከሰዓት በኋላ ስለሚያልቅ ምግብ?

የስም ነገርም አለ። ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። ዛሬ ቲቪኤስ የተጻፈበትንም ባለሦስት እግር «ባጃጅ» ብለን ነው የምናስቆመው። ሀይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ አሁን የማንም ፋብሪካ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሀይላንድ ነው። ስምሽ የሁሉም ስም ሲሆን አተረፍሽ ወይስ ከሰርሽ? ለዚህ እንኳ ከመኝታሽ መነሳት አያስፈልግሽም፣ ቤትሽ ውስጥ ያለውን ዕቃ ስም ቁጠሪ።

ቁጥር ሲያስፈልግሽ ደግሞ በይፋ የተነገረ ቁጥር አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ 300 ብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፣ 9,900 ብር ማለት ነው። የሚሸጠው በቴሌብር ነበር፣ ስልክ ላይ። ጊዜው ተራዝሞ የካቲት ላይ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ነው፤ 3.2 ቢሊዮን ብር። የገዛው ከ47 ሺህ በላይ ሰው ነው። እስቲ ይሄን እንደ ነጋዴ አስቢው። በአገሪቱ ከዚህ በላይ ደንበኛ ያለው ሻጭ የለም። መሸጫው እያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ታዲያ ከቀረበው ውስጥ አሥር በመቶ አካባቢ ለምን ተሸጠ? የእኔ ግምት፣ ካርድ መግዛትና ድርሻ መግዛት በሰው ልብ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው የሚል ነው። ካርድ የምገዛው ዛሬ ልደውልበት ነው። አክሲዮን የምገዛው ያላየሁትን የነገ ትርፍ አምኜ ነው። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ነበር። ለዚያ ደግሞ 9,900 ብር በአንዴ። አንቺ ግን የእኔን ግምት አትጻፊ። ቢሮሽ ያሉትን፣ ታክሲ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠውን፣ አክስትሽን ጠይቂ። «ሰምተሽ ነበር? ገዛሽ? ለምን?» አሥር መልስ ሰብስቢ። በይፋ የተነገረው ቁጥር ከአሥር ሰው እውነተኛ መልስ ጋር ሲገናኝ፣ ያ ጽሑፍ አዲስ ነው። ደግሞም «ደንበኛ አለኝና አዲሱንም ዕቃ ይገዛኛል» ብሎ ለሚያስብ ባለሱቅ በቀጥታ ይመለከተዋል።

ሕግ ሲለወጥም ጆሮሽን አቁሚ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ፕሮግራም በቢራ ስፖንሰር ይቆም ነበር። አንድ ትልቅ በር ሲዘጋ ሻጭ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ለትንሹም ነጋዴ ትምህርት ነው። እሱም አንድ ቀን የፌስቡክ ገጹ ሊዘጋበት ይችላልና።

የከሰሩትንም ጠይቂ። ይሄን አደራ እልሻለሁ። የምናነበው ምሳሌ ሁሉ ያሸነፈ ሰው ምሳሌ ነው። ተመሳሳይ ነገር አድርገው የዘጉት አይጠየቁም። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከሌላም ሰፈር የተነሱ ሱቆች አሉ። አንዳንዱ አዲሱ ቦታ ላይ የድሮ ደንበኛውን አግኝቷል፣ አንዳንዱ እስካሁን ይፈልጋል። ያገኘው ምን አድርጎ ነው? የደንበኞቹን ስልክ ቀድሞ መዝግቦ ነበር? ቀድሞ ያልመዘገበውስ አሁን ምን ይላል? ስታወሪያቸው ግን ለጽሑፍ ብለሽ ብቻ አትሂጂ። የሰው ኑሮ ነው። ጊዜ ስጪያቸው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የአንድ ጭማቂ ቤት ባለቤት ጓደኛዬ ሆኖ ነበር። አቮካዶውን ከየት፣ በስንት፣ በየትኛው ቀን እንደሚያመጣ አጫወተኝ። ጥሩ ምሳሌ ነው ብዬ ጻፍኩት። ስሙን አልጠራሁም፣ ሰፈሩን ግን ጠርቻለሁ። ሳልጠይቀው። በሁለት ወር ውስጥ ጎረቤቶቹ ከዚያው ቦታ ማምጣት ጀመሩ። እሱ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ስሄድ ጭማቂዬን ያመጣልኛል። ግን እንደ ድሮው ወንበር ስቦ አጠገቤ አይቀመጥም። እስካሁን ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ለባለታሪኩ ሳላነብለት አላወጣም። «ይሄ ይውጣ፣ ይሄ ይቅር» ይበለኝ። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። ገቢውን፣ አቅራቢውን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ካለ ፈቃዱ አትጻፊ። ያለ እነሱም ምሳሌው ይቆማል። አንድ ሌላ ነገር፣ ሰውየው የድርጅታችሁ ደንበኛ ከሆነ ለአንባቢው ንገሪው። ከፍሎን የምናስተዋውቀውን ሰው ምሳሌ አስመስለን ማቅረብ አንባቢን ማታለል ነው።

ባለታሪኩ የነገረሽንም በሌላ ዓይን እይው። ሰው ስለ ሥራው ሲያወራ ያሳምረዋል፣ ክፋት አይደለም። «ሽያጬ በእጥፍ ጨመረ» ካለሽ «ከስንት ወደ ስንት?» በይው። ካልመዘገበ «ጨመረ ብሎ ነግሮኛል» ብለሽ ጻፊ። በር ላይ ቁሚና ሁለት ገዢ ጠይቂ። እነሱ የሚመጡበት ምክንያት እሱ ከሚያስበው የተለየ ሊሆን ይችላል። ባለካፌው «ለቡናዬ ነው» ይላል፤ ሰውየው ለመጸዳጃ ቤቱ ንጽሕና ሊሆን ይችላል የሚመጣው። እንዲህ ዓይነት ልዩነት ስታገኚ እሱ ነው ዋናው ጽሑፍሽ።

የምትሰሚውን ሁሉ በዚያው ቀን ደብተር ላይ አስፍሪ። ቀኑን ጻፊ፣ በተለይ ዋጋ ካለበት። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የሰማሽው ዋጋና ዛሬ የምትሰሚው አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ቀን የሌለው ዋጋ አንባቢን ያሳስተዋል። ደብተሩ ውስጥ ለዛሬ የማይሆን ነገርም ይኖራል። ተይው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ነገር ስትሰሚ ይገጥማል።

ለአለቃሽ ደግሞ እንዲህ በይው። «በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላና የታክሲ ስጠኝ።» ማታ ማታ ከእንቅልፍሽ የምትሰርቂው ሰዓት ከዚያ ይበልጣል። እምቢ ካለሽ የመጀመሪያውን ሁለት ጽሑፍ በራስሽ ቅዳሜ ሠርተሽ አሳዪው።

ሌላው ያቺ «ኮሌጅ ተምረነዋል» ያለችሽ ባለካፌ ናት። በጻፈችልሽ አትሸማቀቂ። ጽሑፍሽን እስከ መጨረሻው አንብባ፣ ጊዜዋን ወስዳ የጻፈችልሽ እሷ ብቻ ናት። ዛሬውኑ መልሺላት። «እውነትሽን ነው። እስቲ ካፌሽ መጥቼ አንድ ከሰዓት ልቀመጥ?» በያት። እሺ ካለችሽ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጪና ማን ገብቶ ምን ሳያዝ እንደሚወጣ ቁጠሪ። የሚገዛውን እሷ ታውቀዋለች። ሳይገዛ የሚወጣውን ግን ሥራ ላይ ሆና አታየውም። አንቺ ታይላታለሽ። ያየሽውን መጀመሪያ ለእሷ ንገሪያት፣ ከዚያ በፈቃዷ ጻፊው።

ጉልት ስትሄጂ ደግሞ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ሂጂ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከደረሽ ገበያዋ ነው፣ ታስቸግሪያታለሽ። መጀመሪያ አንድ መደብ ቲማቲም ግዢ። ብሩን ስጪና መርቂልኝ በያት። ወሬውን ከዚያ ጀምሪ።